ጀግናዋ ገጽ 52 ላይ ስትወለድ

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሐዋሳ ነው። ባንክ ቤት እየሠራሁ በአራት ዓመት የመጀመሪያ ልብ ወለዴን ጨረስኩ። 310 ገጽ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕሪ ሐመልማል የምትወለደው ገጽ 52 ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የአያቷ፣ የአባቷና የእናቷ ታሪክ ነው። ረቂቁን ለሦስት ጓደኞቼ ሰጠሁ። ሁለቱ ገጽ 52 ሳይደርሱ አቆሙ። ሦስተኛው ደግሞ ‹ፍቅር እስከ መቃብርም የሚጀምረው ከወላጆቹ ነው፤ እንዳትነካው› አለኝ። ልቁረጠው ወይስ ልተወው? የመጀመሪያውን ገጽና የታሪኩን አጠቃላይ መስመር አያይዣለሁ።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። ቀን ቀን ገንዘብ እየቆጠሩ ማታ ማታ 310 ገጽ መጨረስ ቀልድ አይደለም። ስንቱ ምዕራፍ ሦስት ላይ ቀርቷል።

ወደ ነገሩ ልግባ። ጓደኛህ ያነሳው ምሳሌ ልክ ነው። ከምሳሌው ያወጣው ምክር ግን አሳስቶሃል።

ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ነው የታተመው። ሰብለ ወንጌልን ፈልጎ የገለጠው ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው ማንኩሳ ነው። እዚያ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ አሉ። ሰብለ የለችም። በዛብህም ገና ነው። ስለ ሁለት ፍቅረኞች የሰማ አንባቢ «እነዚህ ሰዎች ደግሞ እነማን ናቸው?» ቢል አይፈረድበትም።

ግን ሐዲስ ዓለማየሁ እዚያ መሃል ምን እንደቀበሩ ተመልከት። ልጅ ይወለዳል። ልጁ ይታመማል። እናት ትሳላለች። ልጄ ከዳነልኝ የእግዚአብሔር አገልጋይ ይሆናል፤ ሚስት አያገባም። ብጽዓት ነው፤ ከአፍ ከወጣ አይመለስም። ልጁም ይድናል።

ያቺ ቃል ከወጣች በኋላ የምናነበው ሁሉ መልኩ ይለወጣል። በዛብህ ተማረ፣ ድምፁ አማረ፣ ሊቅ ሆነ ሲባል «እሰይ፣ አደገ» ብለን አናልፍም። ወደ ስለቱ እየቀረበ መሆኑን እናውቃለን። ኋላ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ ልጃቸውን ሊያስተምር ሲቀመጥ፣ ሰብለ ምንም ሳትጠረጥር እኛ እንፈራለን። በሁለቱ መሃል ሁለት ግድግዳ ቆሟል። አንዱ የፊታውራሪ የዘር ኩራት ነው፤ እሱን አገር ያየዋል። ሌላው ግን ማንኩሳ ላይ አንዲት እናት የታመመ ልጇን ይዛ የተናገረችው ቃል ነው። እሱን ሰው አያየውም። እኛ ግን ሲነገር ሰምተነዋል።

እኔ ይህን «ዕዳ» እለዋለሁ። የመማሪያ መጻሕፍት ላይ «ንግር» የሚባል ቃል አለ፤ ወደፊት የሚመጣውን በጨረፍታ ማሳየት። ዕዳ ግን ከንግር ይከብዳል። ንግር ጥላ ነው። ዕዳ ስም አለው፤ አበዳሪ አለው፤ ቀኑ ሲደርስ አንድ ሰው ይከፍለዋል። ውድነሽ ተበደረች፣ በዛብህ ከፈለ። ወላጆቹ መጀመሪያ ላይ ቦታ ያገኙት ወላጅ ስለሆኑ አይደለም። የተበደሩት እነሱ ስለሆኑ ነው።

ተረት የሚያወሩ ሰዎችም ይህን ያውቁታል። «ተረት ተረት» «የመሠረት» ከተባባልን በኋላ ምን ይመጣል? «አንድ ሰውዬ ነበር፤ ሦስት ልጆች ነበሩት።» በቃ። የሰውየው አያት የት ተወለደ የሚል ልጅ የለም። ሰውየው ራሱ የተጠራው ሊሞት ሲል ለልጆቹ አንድ ነገር ስለሚናዘዝ ነው። ሐዲስም ከልብ ወለዱ አሥር ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1948 ዓ.ም.፣ ተረት ተረት የመሠረት የሚል መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ቀስ ማለትን ያውቁበታል። ያለ ምክንያት ግን ቀስ አላሉም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጓደኛህ ንገረው። ያንን መጽሐፍ ከምንወደው ሰዎች ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያገኘነው በጆሯችን ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። በወጋየሁ ድምፅ የማንኩሳ ገጾችም ይበራሉ። ያንተን 52 ገጽ ወጋየሁ አያነብልህም። አንባቢህ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሞ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ እየጮኸ ነው የሚያነበው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርህ። የመጀመሪያ መጽሐፌ የሚጀምረው በአያቴ በቅሎ ነበር። 28 ገጽ። በቅሎዋ ገደል አፋፍ ላይ አድራ ጠዋት በራሷ ወደ ቤት ትመለሳለች፤ በጣም የኮራሁበት ክፍል ነው። ከዚያ ታሪኩ አዲስ አበባ ይገባል፣ ስለ አንድ ጸሐፊና ስለ አለቃው ይሆናል፣ ያልቃል። መጽሐፉ አልተሸጠም። ግማሹ አልጋዬ ሥር ከረመ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰውዬ ለቅሶ ቤት አገኙኝና «መጽሐፍህን አንብቤዋለሁ» አሉኝ። ደስ አለኝ። «በቅሎዋ ግን መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አሉ። ምንም አልሆነችም። ረስቻታለሁ። ሰውየው 200 ገጽ ሙሉ የጠበቁት በቅሎዋን ነበር። ለአንባቢ ዕዳ ገብቼ አልከፈልኩም፤ የከፈልኩት ያልተበደርኩትን ነበር።

ስለዚህ ረቂቅህን ስትፈትሽ «ይሰለቻል ወይስ አይሰለችም» ብለህ አትጀምር። እሱ ስሜት ነው፤ በነጋታው ይለወጣል። እንዲህ አድርግ። 52ቱን ገጾች አውጣና ጎን አስቀምጥ። ከዚያ የመጨረሻዎቹን 30 ገጾች አንብብ። የማይገባ ነገር አለ? አንድ ሰው የሚያለቅስበት ምክንያት ጠፋ? ያ የጠፋው ነገር ከ52ቱ ገጾች የትኛው ላይ እንዳለ ፈልግ። እዚያ ላይ ምልክት አድርግ። የቀረውን ማንም አይፈልገውም። ጭካኔ ይመስላል፤ ግን አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው።

ያንተን መስመር ሳነብ ይህንኑ አደረግኩ። ገጽ 1 እስከ 15 የአያትየው እርሻ። ከዚያ የአባትየው የደምሴ ልጅነት። ውትድርና። ማሠልጠኛ። ከዚያ ገጽ 38 ላይ በአንድ መስመር እንዲህ ብለህ አልፈኸዋል፤ «አፋቤት ላይ ጓደኛው ሲሞት ሴይኮ 5 ሰዓቱን ይሰጠዋል፤ ለቤተሰቤ አድርስልኝ ይለዋል፤ ደምሴ አላደረሰም።» ቀጥሎ የእናትየው ሠርግ፣ የሐመልማል መወለድ። ከዚያ ገጽ 240 ላይ ሐመልማል መሳቢያ ውስጥ ሰዓቱን ታገኛለች፤ የቀረው መጽሐፍ ባለቤቱን ፍለጋ ነው።

ወንድሜ! ብጽዓትህ ይኸውልህ። በእጅህ ይዘኸው ነው የምትፈልገው። መጋቢት 1980፣ ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ የደርግ ሠራዊት ናደው ዕዝ በተደመሰሰበት ሰሞን፣ አንድ ወታደር ለሚሞት ጓደኛው ቃል ገባ። ቃሉን በላ። ልጁ ከፈለች። መጽሐፍህ ይህ ነው። ለዚህ የሰጠኸው ግን አንድ መስመር ነው፤ ለአያትየው እርሻ 15 ገጽ።

እስቲ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርህን አብረን እንየው። «አስር አለቃ ደምሴ በ1950 ዓ.ም. ከአባቱ ከአቶ እገሌና ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው አጠራር በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ተወለደ። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስም...» (የወላጆቹን ስም የሰወርኩት እኔ ነኝ።) እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር የት ነው የምንሰማው? ቀብር ላይ። ሳጥኑ ወርዶ፣ አንድ ዘመድ መነጽሩን አድርጎ፣ ወረቀቱን ሲዘረጋ። አንባቢው ገና ሳይተዋወቀው ደምሴን ቀበርከው። አትፈርበት፤ ከሚመጡልኝ ረቂቆች ስንቱ እንዲህ እንደሚጀምር ብታውቅ። የሕይወት ታሪክ ስንጽፍ ጆሯችን የለመደው ይህንን ስልት ነው፤ ሳናስበው ብዕራችን ውስጥ ይገባል።

ሴይኮ 5 ማለትህ ደግሞ ትልቅ በረከት ነው። አንተ ሳታስበው የጻፍከው ይመስለኛል። ያ ሰዓት በተለይ የድሮው በእጅ አይሞላም። ባትሪም የለውም። የሚሠራው በክንድ እንቅስቃሴ ነው፤ ካሰርከው ይሄዳል፣ አውልቀህ ካስቀመጥከው ሁለት ቀን ሳይሞላው ይቆማል። ደምሴን ደግሞ ከውትድርና በኋላ ሰዓት ሠሪ አድርገኸዋል። ሰዓት ሠሪ ይህን ያውቃል። የሞተ ጓደኛው ሰዓት እንዲቆም ካልፈለገ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ማሰር ነው። የራሱም ሰዓት አለው። እንግዲህ እንዲህ ቢጀምርስ?

«የሐመልማል አባት ሁለት ሰዓት ያስራል። የግራው የራሱ ነው። የቀኙን ማንም አይነካውም። ሰፈር ውስጥ ‹ባለ ሁለቱ› ይሉታል፤ አንዳንዱ ‹ማስታወቂያ ነው› እያለ ይስቃል። ሐመልማል ስድስት ዓመቷ ላይ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላ ጠየቀችው።

‹አባዬ፣ የቀኙ የማን ነው?›

‹የሰው።›

‹ለምን አትመልስለትም?›

አባቷ የጠረጴዛውን መብራት አጠፋ። ‹ተነሽ እንሂድ። እናትሽ ቡና አፍልታለች።›»

ይኸው ነው። አርትዖቱን ያንተ አድርገው፤ እኔ በችኮላ ነው የጻፍኩት። ግን ምን ምን እንደገባ ቁጠር። ሥራው አለ፣ ሰፈሩ አለ፣ ልጅቷ አለች፣ እናትየው ቤት ናት። ከሁሉ በላይ አንድ ያልተመለሰ ነገር አለ። 1950 የለም። ሸዋ ጠቅላይ ግዛት የለም። ማንም አልጠየቀም። ሐመልማልም ገጽ 52 ድረስ አልጠበቀችም።

«ታዲያ አፋቤትን የት ላድርገው?» ትለኛለህ። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የሐዲስ ነው፤ ቃሉ የተሰጠበትን ሰዓት ፊት ለፊት አምጥቶ አንባቢውን ምስክር ማድረግ። አፋቤትን በአምስት ገጽ ጽፈህ ከዚያ ዘለህ ሐመልማል ጋ ልትደርስ ትችላለህ። ሌላው በሩጫ መጀመር ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣውን ኦሮማይን አስብ። ስሙ ሲነሳ ሁላችንም ትዝ የሚለን በዓሉ ግርማ በማግስቱ ዓመት፣ የካቲት 1976፣ ከቤቱ ወጥቶ አለመመለሱ ነው። ልክም ነው። በዚህ የተነሳ ግን እንደ ጽሑፍ ምን ያህል በብልሃት እንደተሠራ ማውራት እንረሳለን። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ወደ አሥመራ ሲጓዝ ነው የምናገኘው። የፀጋዬ አባት ማን ነው፣ የት ተማረ፣ ለዚያ ጊዜ የለም። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ትቀራለች። ፊያሜታ አሥመራ ላይ ትጠብቀዋለች። ዕዳው ያ መለያየት ውስጥ ነው ያለው፤ ከሥራ ጋር፣ ከቸኮለ አገር ጋር አብሮ እየሄደ ነው የሚከማቸው። ስለ ሰውየው ያለፈ ሕይወት የምናውቀው ሲያስፈልገን ብቻ ነው።

እኔን ከጠየቅከኝ ሁለተኛውን ምረጥ። ያንተ መጽሐፍ የጦርነት መጽሐፍ አይደለም። በአፋቤት ከጀመርክ አንባቢው ስለ ሠራዊቱ ሊያነብ ይዘጋጃል፤ ከዚያ ሰዓት ቤት ስታስገባው ይከፋዋል። አፋቤትን በምልሰት አምጣው። ግን ምልሰት የሚገባው አንባቢው ሲጠይቅ ነው። ደራሲው መናገር ሲያምረው አይደለም። ልጅቷ «ለምን አትመልስለትም?» ብላ ጠይቃለች። አባት ዝም ብሏል። ይህን ጥያቄ ሁለቴ ሦስቴ፣ በተለያየ ሰው አፍ አስጠይቀው። ሚስቱ ትጠይቀው። የሱቅ ደንበኛ «ይሸጣል ወይ?» ይበለው። አንባቢው ራሱ «ኧረ ንገረን!» ማለት ሲጀምር፣ ያኔ አፋቤትን ክፈትለት። እንደ ግምቴ ገጽ 90 አካባቢ ነው። ያኔ አምስት ገጽም ቢሆን አይበዛበትም።

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅህ። የቆረጥከው ታሪክ በንግግር በኩል ተመልሶ ሊገባ ይሞክራል። «እንደምታውቂው፣ በ1980 አፋቤት ላይ አብረን ስንዋጋ...» ብሎ ባል ለሚስቱ አያወራም። ታውቃለች እኮ! ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች በግማሽ ቃል ነው የሚግባቡት። ሚስት «አሁንም አሰርከው?» ትላለች። ባል እጅጌውን ይጎትታል። አለቀ። ከዚህ የበለጠ ካስፈለገህ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

«የፍቅር እስከ መቃብሩ ጉዱ ካሳስ? ገጽ ሙሉ ይናገር የለም እንዴ?» እንዳትለኝ። ይናገራል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ንግግሩ ለኔም ይረዝምብኛል፤ ደራሲው በሱ አፍ ወንበር ስበው ቁጭ ያሉበት ቦታ አለ። የሚያድነው ግን አንድ ነገር ነው። የሚሰሙት ሰዎች እብድ ነው ብለውታል። ስለ ሥርዓቱ የተናገረው ቁም ነገር ሁሉ ሳቅና ንቀት ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ረጅሙ ንግግር ውስጥ ግጭት አለ፤ እኛ እናምነዋለን፣ ቤቱ ግን አያምነውም። ያንተ ገጸ ባሕሪ ረጅም የሚናገር ከሆነ የማያምነው ሰው ፊቱ አስቀምጥለት። ራሱን እየነቀነቀ የሚሰማ ሰው ካስቀመጥክለት ስብከት ይሆናል።

የተቆረጠውን አትጣለው። ሌላ ፋይል ውስጥ አስቀምጠው። የአያትየውን እርሻ አንተ ማወቅህ ደምሴ ገንዘብ እንዴት እንደሚቆጥር፣ ዝናብ ሲመጣ ለምን ቀና እንደሚል ይወስንልሃል። አንባቢው ምንጩን ባያውቅም ሰውየው ከአንድ ቦታ እንደመጣ ይሰማዋል። በመስመርህ ላይ ደግሞ «የእናትየው የሠርግ ቀሚስ የውሰት ነበር» የምትል አንዲት ሐረግ አይቻለሁ። እሷን ከ52ቱ አውጥተህ ወደ ፊት አምጣት። ቤቱ ውስጥ ሁለት የሰው ዕቃ ገባ ማለት ነው፤ አንዱ በነጋታው ተመለሰ፣ አንዱ አልተመለሰም። እናትየው የምታኮርፍበትን ምክንያት አገኘህ።

የቀረው ገጽ 240 ነው። ሐመልማል ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ አገኘች ብለሃል። አሁን ግን አባትየው ሰዓቱን ዕድሜውን ሙሉ ያሰረው ሰው ሆኗል። መሳቢያ ውስጥ ከገባ፣ አንድ ቀን አውልቆታል ማለት ነው። ሴይኮ 5 ደግሞ በአንዲት ትንሽ መስኮት ዕለቱንና ቀኑን ያሳያል። ሰዓቱ ሲቆም እነሱም ይቆማሉ። እንግዲህ ሐመልማል መሳቢያውን ስትከፍት ያ መስኮት አንድ ዕለትና አንድ ቀን ይነግራታል፤ ወደ ኋላ ሁለት ቀን ብትቆጥር አባቷ ያወለቀበት ላይ ትደርሳለች። የት ነበር? ማን መጥቶ ነበር? ይህን እኔ ልወስንልህ አልችልም። ወስነህ ጻፈውና ያንን ገጽ ብቻ ላክልኝ።